ይቅር ከተባልኩ፣ ለምን ያንኑ ኃጢአት በየማለዳው እናዘዛለሁ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በሒሳብ ሥራ ላይ የፈጸምኩት ጥፋት በባልደረባዬ ተላከከ፤ ደመወዟ ሲቆረጥ እያየሁ ዝም አልኩ። ዛሬም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትሠራለች። ንስሐ ገብቻለሁ፤ የክርስቶስ ደም ከኃጢአት ሁሉ እንደሚያነጻም አምናለሁ። ነገር ግን በየማለዳው የበሩን እጀታ ይዤ ያንኑ ኑዛዜ ካልደገምኩ እግሬ ከቤት አይወጣም፤ በቂ ሐዘን ያልተሰማኝ ከመሰለኝ ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ይህ እምነት ማጣት ነውን? ለእርሷስ መንገር ይገባኛል ወይስ እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ነገሩ አብቅቷል?

መልስ፦ እምነት የለዎትም ለማለት አልደፍርም። ሆኖም በር ላይ በሚቆሙበት በዚያ ቅጽበት በአፍዎ የሚጠሩት የክርስቶስን መሥዋዕት ቢሆንም፣ የሚመዝኑት የራስዎን ሐዘን ነው፤ ሐዘኑ ሲበረታ ይቅርታው የጸና፣ ሲላላ የላላ ይመስልዎታል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው፣ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ሁለት ፍየሎች ይቀርቡ ነበር። አንዱ ይታረዳል፤ በሌላው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለቱን እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ሕዝቡ በዚያ ቀን ራሱን እንዲያዋርድ ታዟል፤ ኃጢአቱን ተሸክሞ የሚሄደው ግን ፍየሉ እንጂ የሕዝቡ ሐዘን አልነበረም። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 10 ይህ ሥርዓት በየዓመቱ ይደገም እንደነበር፣ ካህኑም ዕለት ዕለት ቆሞ ያገለግል እንደነበር ካስታወሰ በኋላ፣ ክርስቶስ ግን አንድ መሥዋዕት ለዘላለም አቅርቦ በእግዚአብሔር ቀኝ እንደ ተቀመጠ ይናገራል። እርሱ ፈጽሞ የተቀመጠበትን ሥራ እርስዎ በየማለዳው በር ላይ ቆመው ሊፈጽሙት ይታገላሉ። ዮሐንስም በመጀመሪያ መልእክቱ ብንናዘዝ ይቅር የሚለን አምላክ «የታመነና ጻድቅ» ነው ሲል፣ «ጻድቅ» የሚለውን ቃል አይለፉት፤ አንድ ጊዜ የተከፈለ ዕዳ ዳግመኛ አይጠየቅምና።

ስለዚህ የአዲስ ቀን በደል ሲኖር ይናዘዙ፤ የቀድሞውን በተመለከተ ግን እጀታውን ሲይዙ ስለ ይቅርታው አመስግነው ይውጡ። ድግግሞሹ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከመጋቢዎ ሌላ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከርም የእምነት ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ከባድ ነው፤ መልሴም ይንገሯት የሚል ነው። ኅሊናዎ ዝም ያላለው አንዱ ምክንያት ለእግዚአብሔር የተነገረው ለተበደለችው ስላልተነገረ ሊሆን ይችላል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 በዳዩ እንዲናዘዝ፣ ለበደለውም ሰው ሙሉውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር እንዲመልስ ያዝዛል። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ይህን ያለው ግን ጌታ ወደ ቤቱ ሊገባ ከጠራው በኋላ እንጂ እንዲጠራው ብሎ አልነበረም። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ስንገለብጠው ማየት ያሳዝነኛል። ይቅርታን ለመግዛት የሚናዘዝ ሰው በደሉን ማሳነስ ያምረዋል፤ ይቅርታን የተቀበለ ሰው ግን እውነቱን በልኩ ለመናገር አቅም አለው።

ሲነግሯት ምክንያት አይደርድሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በእኔ ፋንታ ተቀጣሽ፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ» ማለት ይበቃል። የተቆረጠባትን ከነጭማሪው ይመልሱላት፤ ስሟ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ እንዲታረም ከፈለገችም፣ ቅጣቱ ወደ እርስዎ ቢዞር እንኳ ከኃላፊዎ ፊት አብረዋት ይቁሙ። እዚያው ይቅር እንድትልዎ ግን አይለምኗት። ብትቆጣ ወይም ተነሥታ ብትሄድ የእግዚአብሔር ይቅርታ ከእርስዎ አይወሰድም፤ እርስዎ እውነቱን ለመናገር ስምንት ዓመት ፈጅቶብዎታል፣ እርሷም መልስ ለመስጠት የሚያስፈልጋትን ያህል ትቆይ።