መሬቱ ከቤታችን በላይ ተሰንጥቋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የተወለድኩት ግን ጣርማበር ወረዳ፣ ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ለፋሲካ ስሄድ ከቤታችን በላይ፣ ማሳው ጫፍ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ አየሁ። እጄን ሳስገባው እስከ ክርኔ ገባ። ወንድሜ «አምና ክረምት ነው የተሰነጠቀው» ብሎ አፈር ደፋበት። እናቴን ከዚህ ተነሺ ብላት «ላሟን ለማን ጥዬ?» አለችኝ። ክረምቱ እየመጣ ነው። እኔ እዚህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?
የጣርማበር ልጅ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ ልጄ፣ እንቅልፍ ማጣትሽ አይገርመኝም። አገሩን አውቀዋለሁ። 26 ዓመት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ የሰሜን ሸዋን ተዳፋት በእግሬ ነው የለየሁት። መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ ወርዶ ቆሎ ሲገዛ ዙሪያውን ያይና «እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። ምንጩ ብዙ ነው። ጣጣው ግን ከዚያው ነው የሚመጣው። ከሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዘመን ብዛት በስብሶ ብዙ ቦታ ላይ ሸክላማ አፈር ሆኗል። ሸክላ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ያሟልጫል። ቦታው ደግሞ ቁልቁለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ እዚያው ጣርማበር ውስጥ፣ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ የሚባሉት ቦታዎች ላይ መሬት ተንሸራቶ ቤትም ማሳም ይዞ ወርዷል። ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። እናትሽ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ወሩን ልብ በይልኝ፤ መስከረም ነው። ሰው አደይ አበባ ሲያይ ክረምቱ ወጣ ብሎ ይዘናጋል። መሬቱ ግን የሦስት ወር ዝናብ ጠጥቶ የሚጠግበው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁ በነሐሴ አያብቃ። መስቀልም ይለፍ።

ወደ ስንጥቁ ልምጣ። ወንድምሽ አፈር መድፋቱ ክፋት የለውም። ያጠፋው ቅደም ተከተሉን ነው። ሳይለካ ከደፈነው መስፋቱን በምን ያውቃል? መጀመሪያ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ይትከል። ጠበቅ አድርጎ፣ ጠለቅ አድርጎ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይለካና ቀኑን ጨምሮ ደብተር ላይ ይጻፍ። እንዲህ ያለውን ሦስት አራት ቦታ ላይ ያድርግ። ከዚያ በኋላ ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቆ ይድፈነው፤ ላዩን ጎበጥ ያድርገው፣ ውሃ እንዳይተኛበት። በየሳምንቱ፣ ደግሞም ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ሲነጋ ሄዶ ይለካ። ሁለት ጣት እንኳ ከሰፋ እናትሽ በዚያ ቤት ውስጥ ማደር የለባቸውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኛ ባለሙያዎች ዕድሜያችንን ሙሉ ገበሬውን ስናስተምር የኖርነው ውሃውን ተዳፋቱ ላይ እንዲያስቀር ነው። እርከን ሥሩ፣ ውሃ ማቆሪያ ቆፍሩ እንላለን። ለአብዛኛው መሬት ልክ ነው። ለተሰነጠቀ ተዳፋት ግን መርዝ ነው። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ፣ ከቤቶች በላይ ባለ ጥርጣሬ ባደረብኝ ቦታ ላይ፣ ውሃ የሚያቁር እርከን አሠርቻለሁ። በሁለተኛው ክረምት የእርከኑ ካብ ጎበጠ፣ ከሥሩ አዲስ ምንጭ ፈለቀ። ሰው ሳይጎዳ አፈረስነው። ከዚያ ወዲህ የተሰነጠቀ መሬት ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከላይ የሚመጣው ውሃ የት ይገባል? ወንድምሽ ከስንጥቁ በላይ፣ ጤነኛው መሬት ላይ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቅደድ። ቦዩ ውሃ የማያስተኛ፣ ዘቅዘቅ ያለ ይሁን። መጨረሻው ደግሞ የታወቀ ወንዝ ወይም ድንጋያማ መውረጃ ይሁን እንጂ የጎረቤት ማሳ አይሁን።

ሌሎቹን ምልክቶች እናትሽ ከኔ በላይ ያውቋቸዋል። ጠይቂያቸው። በሩ አልዘጋ አለ ወይ? ግድግዳው ላይ አዲስ ንቃቃት አለ ወይ? ዛፉ ወይም የአጥሩ እንጨት ወደ ቁልቁለቱ ዘመመ ወይ? ምንጩ ደፈረሰ፣ ወይም ምንጭ ካልነበረበት ቦታ ውሃ ወጣ ወይ? ዝናብ እየጣለ የወንዙ ውሃ በድንገት ካነሰ ደግሞ ላይ የሆነ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው። ያኔ መጠበቅ የለም፤ ከወንዙ ዳር መራቅ ነው።

አሁን ላሟ። ልጄ፣ እናትሽ የማይነሱት ግትር ስለሆኑ አይደለም። ንብረታቸው እሷ ናት። ስለ ሞት ብትነግሪያቸው አይሰሙሽም፤ ስለ ላሟ መፍትሔ ይዘሽ ብትሄጂ ግን ይሰሙሻል። ሜዳው ላይ ወይም ሰፊው ሸንተረር ላይ ዘመድ ይኖራችኋል። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ላሟ እዚያ ትታሰር። የመኖውን ዋጋ አንቺ ላኪ። ላሟ የሄደችበት እናትሽም ማታ ማታ ይሄዳሉ። ቀን መጥተው ጓሯቸውን ይሥሩ፣ ቡናቸውን ያፍሉ። ማደሩ ነው የሚያስፈራኝ፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ከመጣበት መሸሻ የለውም። እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ከቤት በላይ ካለ፣ እኔ ብሆን ችካሉ እስኪነግረኝ አልጠብቅም ነበር። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ሌላ ቦታ ይደሩ።

በሩ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ይሰቀል። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ የጤና መድን ካርድ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ከሚወስዱ የአንድ ሳምንት። የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ በሶ ወይም ቆሎ። ጋቢው ከላይ። ስልኩ በየማታው ቻርጅ ይደረግ፤ መብራት ከሌለ ትንሽ የሶላር ቻርጀር ግዢላቸው። ስልክ ስትደውዪ ደግሞ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበዪ። «ችካሉ ስንት ሆነ?» በዪ።

መሬቱ ድንገት ቢንቀሳቀስ ሽሽቱ ወደ ታች አይደለም። ናዳው የሚሄደው ወደዚያው ነው። ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ነው። መንገዱን ወንድምሽና እናትሽ በቀን፣ በደረቅ አብረው ይሂዱበት። ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክቱና አንድ ቅጂ ያዙ፤ ከወረዳው ግብርና ባለሙያ ወጥቶ እንዲያየውም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደቡብ ወሎ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ቀበሌ የእድር ዳኛ ነኝ። ጎፋ ላይ ሊያድኑ የሄዱት መሞታቸውን ሰምተናል። እኛ ጋ የአንዱ ቤት ቢናድበት ታዲያ ምን እናድርግ? ቆመን እንይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆማችሁ እዩ የሚል ሰው የእድርን ነገር አያውቅም። ግን የሆነውን አብረን እንመልከተው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት ነው። ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሰዉ ጎረቤቱን ሊያወጣ ተሯሩጦ መጣ፤ በአካፋ፣ በዶማ፣ በባዶ እጅ ይቆፍር ጀመር። ያን ጊዜ ከላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ከሞቱት ውስጥ የቀበሌው አስተዳዳሪ ነበሩ፤ አስተማሪዎች፣ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎችም ነበሩ። የኔ ሙያ ልጆች ናቸው። እኔም በዕድሜዬ ብደርስ እዚያው መሐል እገኝ ነበር፤ ማንም ተው ብሎኝ አያውቅም።

አንዴ የተናደ ተዳፋት ከላዩ ሌላ የላላ አፈር ተሸክሞ ይቀራል። መደገፊያው ሄዷል። ከዚያ ሥር መቶ ሰው አንድ ላይ መቆም የለበትም።

ስለዚህ እድራችሁ አሁኑኑ ሥራ ይከፋፈል። አንድ ሰው ጠባቂ ይሁን። ከናዳው ጎን፣ የላይኛው ተዳፋት የሚታይበት ጠንካራ ቦታ ላይ ይቁም፣ አይቆፍር። ፊሽካ ይያዝ። ፊሽካው ሲነፋ የወንድሙን እጅ የያዘም ቢሆን ወደ ጎን ይሩጥ፤ ይህን ቀድማችሁ ተማማሉ። ለመቆፈር ስድስት ሰባት ሰው ይግባ፣ ከጎን በኩል እንጂ ከሥር አይግባ፣ ሲደክመው ይቀያየር። ሌላው ሰፊው ሸንተረር ላይ ቃሬዛውንና ውሃውን ይዞ ይጠብቅ። ሁለት ሰው ደግሞ ማን ቤት ውስጥ እንደነበር፣ ማን ገበያ እንደሄደ ስም በስም ይጠይቅ፤ ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ፍለጋ ሰው እንዳይቀበር። በየጥቂት ደቂቃው ሁሉም ዝም ይበልና ያዳምጥ። ልቅሶው ለጊዜው ይቆይ፤ ከሥር የሚጣራ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ዝናቡ እየጣለ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ድፍርስ ውሃ መፍሰስ ከጀመረ፣ ጠባቂው ያስወጣችሁ።

ቃሬዛው፣ ድንኳኑና አካፋው ከእድሩ አይጠፋም። የጎደለው ፊሽካውና ልምምዱ ነው። ከሰኔ በፊት አንድ እሑድ፣ የእድር ስብሰባ ሲያበቃ፣ ወጥታችሁ ተለማመዱት። ጠባቂውን ስትመርጡ ጉልበተኛውን አትምረጡ፤ ጉልበተኛው መቆፈሩን ትቶ መቆም አይችልም። ረጋ ያለ፣ ዐይኑ ከተራራው የማይነቀል እረኛ ፈልጉ።