ናስ ከክሮም ጋር ይኖራል ወይ? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ባለናሱ፦ እንደምን አመሻችሁ። እጀታ፣ ቧንቧና መብራት ስገጥም ጠጉሬን ያሸበትሁ የጎንደር ሰው ነኝ። ወርቃማውን ከብርማው፣ ጥቁሩን ከናሱ ጋር በአንድ ቤት ስለማኖር ጠይቁኝ። «ያምራል ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን አልመልስም። የትኛው ክፍል፣ ምን ዓይነት ብረት፣ ምን ዓይነት አምፖል እንደሆነ ጻፉ። ሳትገዙ በፊት ደግሞ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሳበው ናስ አይደለም።

አዲስ ሙሽራ፦ ጋሼ፣ አዘዞ አዲስ ቤት ገብተናል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ክሮም፣ ያ የሚያብረቀርቀው ብርማ ቅብ ነው፤ የቁም ሳጥኖቹ እጀታ ሁሉ ወርቃማ ነው። አማቴ አይተው «ከሁለት ጎረቤት የተለመነ ይመስላል» አሉ። ልቀይረው?

ባለናሱ፦ አትቀይሪ ልጄ። በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ዳር ቆመሽ ታውቂያለሽ። የናሱ መስቀል ከብሩ መስቀል ጎን ይሄዳል፤ ጸናጽሉ ያበራል፤ የጥላው ዘርፍ ወርቃማ ነው። ተጋጨ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የአንቺ ቤት ችግር ሌላ ነው፤ ክሮሙ ብቻውን ቀርቷል። አንድ ቦታ ብቻ የታየ ብረት በስህተት የመጣ ይመስላል፤ ሁለተኛ ቦታ ሲደገም ግን ታስቦ የተደረገ ይሆናል። ከምድጃው በላይ ጭልፋ መስቀያ የክሮም ዘንግ አድርጊና እይው። ወርቃማው ይግዛ፣ ክሮሙ ይከተል፤ እኩል ለእኩል ከተካፈሉ ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል። መራቅ ያለብሽ የሚመሳሰሉትን ነው። ኒኬል የሚባለው ሌላው ብርማ ቅብ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ኒኬሉ ያልታጠበ ክሮም ይመስላል። ከሁለት ሱቅ የተገዙ ሁለት ወርቃማዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጥቁር እጀታ ከምን ጋር ይሄዳል?

ባለናሱ፦ ከሁሉም ጋር። ቀጥሎ።

እትዬ፦ የአያቴ የናስ ማስታጠቢያ አለኝ፤ ጠቁሯል። ሳሎን ውስጥ ብርማ እግር ካለው ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው ነው። በሎሚና በጨው ፈትጌ ላብራው?

ባለናሱ፦ እባክዎ እትዬ፣ እጅዎን ይሰብስቡ! ያ ጥቁረት እድፍ አይደለም፤ ናሱ ከአየርና ከእጅ ጋር ዓመታት ሲኖር ያወጣው ቆዳ ነው። ሎሚና ጨው በአንድ ከሰዓት ይልጡታል፤ ለመመለስ ሌላ የአያት ዕድሜ ይጠይቃል። ደግሞም ለእርስዎ ጠረጴዛ የሚስማማው የጠቆረው ነው። የሚያብረቀርቅ ናስ ከሚያብረቀርቅ ብርማ ጋር ሲቀመጥ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ አንዱ ደብዛዛ ሲሆን ሌላው ይናገራል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው ወዲያው ያድርቁት። አረንጓዴ ዱቄት ካለበት ግን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት፤ እሱ ዝገት ነው። በሽፋን ቅብ የተሸፈነ አዲስ ናስንም በሎሚ አይንኩት፤ ቅቡን ያዥጎረጉረዋል።

ተማሪው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ «ነሐስ» ለማለት ፈልገው ነው?

የቀበሌ ሽማግሌ፦ ናስና ነሐስ አንድ ነው ልጄ። ዐረቡም መዳብን ኑሐስ ይለዋል።

ተማሪው፦ አንድ ከሆነማ በኦሎምፒክ ሦስተኛ የወጣ ለምን «ናስ አገኘ» አይባልም?

የቀበሌ ሽማግሌ፦ እናቴ ሙቀጫዋን ናስ ስትል ኦሎምፒክ የት ነበር?

ባለናሱ፦ ገበያው ሁሉንም ናስ ይላል፤ ሽማግሌው አልተሳሳቱም። እኔ ናስ የምለው መዳብ ከዚንክ ጋር ሲቀልጥ ነው፤ ነሐስ የምለው ከቆርቆሮ ጋር ሲቀልጥ። የጣሪያውን ቆርቆሮ አላልሁም! እሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ናሱ ወደ ቢጫ፣ ነሐሱ ወደ ቡናማ ያደላል። ይብቃን።

እንግዳ፦ ወርቃማ ከብርማ ጋር ያምራል ወይ?

ባለናሱ፦ መግቢያውን አንብብ።

ማራኪ፦ ወርቃማ ተንጠልጣይ መብራት ገዝቼ ነበር። ሱቅ ውስጥ ማር ይመስል ነበር፤ ሳሎኔ ሲሰቀል አረንጓዴ ሆነ። ተታለልሁ?

ባለናሱ፦ መጀመሪያ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ከሆነ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው፤ ናስን ያገረጣል፣ ክሮምን ያቀዘቅዛል። 2700 ወይም 3000 የሚል አስገቢ፤ መብራቱ ወደ ማርነቱ ይመለሳል። ዕቃ ከመቀየር አምፖል መቀየር ይቀድማል። እጀታ ስትገዙም ናሙናውን ቤት ወስዳችሁ፣ ማታ በራሳችሁ አምፖል እዩት።

ቀበሌ 18፦ ከዚህ በፊት እንደ መከሩን ማግኔት ይዤ ሄድሁ። አልሳበውም፤ «ንጹሕ ናስ» ብለው ሸጡልኝ። በዓመቱ የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ ተላጠ፤ ውስጡ ነጭ ነው።

ባለናሱ፦ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ነበር። ማግኔት ከሳበው ቅብ ብረት ነው፤ ካልሳበው ግን ናስ ነው ማለት አይደለም። ዚንክም አይሳብም፤ የአንተው እሱ ነው። ከጀርባው፣ ብሎኑ በሚገባበት በኩል በምስማር ጫር አድርግ። ናስ እስከ ውስጥ ቢጫ ነው። ለመታጠቢያ ቤት ይህ ከቀለም ምርጫ ይበልጣል፤ ውኃ ቅብን ይፈትናል። በረኪና ደግሞ ስቴንለስ ስቲልን እንኳ ይበሳል። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጎዳል።

የጠገራ ባለቤት፦ ሦስት ጠገራ ብር በክፈፍ ልሰቅል ነው። 1780 ስለሚል ጥንታዊ ነው፤ የወርቅ ቅብ ክፈፍ ይስማማዋል?

ባለናሱ፦ ጥቁር ክፈፍ። ብሩን አትወልውለው።

የፒያሳ ልጅ፦ አብዛኛው ጠገራ 1780 ነው የሚለው፤ በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል።

የጠገራ ባለቤት፦ የእኔ ግን ከቅድመ አያቴ ነው!

የፒያሳ ልጅ፦ ቅድመ አያትህን ማን ነካቸው?

ባለናሱ፦ ስለ ጠገራ ሌላ ቀን። ዋጋ የጠየቃችሁኝም አልመልስም፤ የምሸጠው ዕቃ የለኝም።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ ሰው ስለ መልክ ብቻ ያወራል። የናስ መክፈቻ በቀጥታ በጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ በተቀባ የብረት ቧንቧ ላይ የሚያስሩትስ?

ባለናሱ፦ ዛሬ ከቀረቡት ሁሉ የሚረባው ጥያቄ! ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውኃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ እንደ ባትሪ ነው። ናሱ ይተርፋል፣ የቧንቧው ዚንክ ያልቃል፣ መጋጠሚያው ይዝጋል። በመካከላቸው የፕላስቲክ መጋጠሚያ አስገቡ። ሳሎን ውስጥ ደርቀው ለተቀመጡ ዕቃዎች ግን ይህ ስጋት የለም፤ እንዳትደናገጡ።

አዲስ ሙሽራ፦ ጋሼ፣ አማቴ ምክርዎን ሰምተው ማግኔት ይዘው ቤቱን ሲዞሩ አመሹ። እጀታዎቼን አልሳበም፤ ጫር አድርገውም ቢጫ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ለሠርጋችን ያመጡልንን «የናስ» መቅረዝ ሳበው። ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ባለናሱ፦ ቡና አፍይላቸው ልጄ። ማግኔቱንም ደብቂው።