ቤት ሆኜ የሠራሁበት ቀን እንደ ሥራ ቀን አይቆጠርም?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ባለሙያነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቤቴ አዘዞ ነው። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ከቤት እንድሠራ ከአለቃዬ ጋር በቃል ተስማምተን ነበር። አሁን ግን ቤት በምውልበት ቀን ጉዳዩ ቡና ላይ ይወሰንና እኔ በማግስቱ እሰማለሁ። በምዘናዬ ላይም «የቡድን ሥራ ዝቅተኛ» ተባልኩ። መብራት የጠፋባቸው ቀናት ከደመወዜ ተቆረጡ። ማታ 3 ሰዓት ተደውሎ ሥራ እታዘዛለሁ፤ የጥምቀት ዕለት እንኳ ሪፖርት ስሠራ ነው የዋልኩት። ሰሞኑን ደግሞ «በቃ፣ አምስቱንም ቀን ቢሮ ግቢ» ተብያለሁ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደመወዙ ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ይላል። ግን አንቀጽ 54 ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከዋለ ደመወዙ አይቀርበትም። አዘዞ ላይ መብራት የሚያጠፉት እርስዎ አይደሉም። በዚያ ላይ አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ አይቆርጥም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት መሆን አለበት። «ቢሮ ጄኔሬተር እያለ ለምን አልመጣሽም?» ብለው ሊከራከሩ ግን ይችላሉ። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ወዲያው መልእክት ይላኩ፦ «መብራት የለም፣ ልምጣ ወይስ ልጠብቅ?» ያቺ አጭር መልእክት ዝግጁ እንደነበሩ ታሳያለች።

«ከቤት ስትሠሪ ሕጉ አይመለከትሽም» የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። አዋጁ በቤቱ ሆኖ ስለሚሠራ ሠራተኛ ለብቻው የሚናገርበት ቦታ አለው፤ ያ ግን ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ለሚሠራ ሰው ነው። አለቃዎ በቴሌግራም ቀኑን ሙሉ የሚያዝዘዎት ከሆነ እርስዎን ከዚያ መመደብ ያስቸግራል። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ጣሪያው። ከዚያ በላይ ታዝዘው ከሠሩ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የሰዓቱ ክፍያ በአንድ ተኩል ይባዛል። ጥር 11 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ነው። (በጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ፎቶ ሲለጥፍ ሪፖርት መላክ ራሱ ካሳ ያስፈልገው ነበር!) ትእዛዙ ግን መረጋገጥ አለበት። ስልክ ከተዘጋ በኋላ «እንዳሉኝ ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ።

አምስት ቀን ቢሮ ግቢ መባልዎን በተመለከተ የምነግርዎ ደስ አይልም። የሥራ ቦታ በውል ላይ መገለጽ ያለበት ነገር ነው። የእርስዎ ውል «ፒያሳ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ የቃሉ ስምምነት ክርክር ላይ ደካማ ነው። እምቢ ብለው ቤት እንዳይቀሩ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት ያለ ስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያው ያሰናብታል። ቅሬታዎን እየሠሩ ያቅርቡ።

ቡናው ላይ ሕግ ብዙ አያግዝዎትም። አለቃን «ጀበናው ሲጣድ ጥራኝ» ብሎ የሚያስገድድ አንቀጽ የለም። ምዘናው ግን ሌላ ነው፤ ባልተነገረዎት ውሳኔ ሊለኩ አይገባም። የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ቀን፣ እንዴት ተነግሮዎት እንዳልፈጸሙ በጽሑፍ እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ። ዝም ካሉ ያ ምዘና ነገ ለስንብት ሊጠቀስ ይችላል። የሁለቱ ቀን ስምምነት እንዲቀጥል ከፈለጉም አንድ ገጽ ይጻፉና ያስፈርሙ፦ የቤት ቀናቱ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ሁሉም የሚገናኝበት አንድ የጋራ ቀን፣ ውሳኔ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ካልተጻፈ እንደማይጸና፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ። በእኔ እይታ መሥሪያ ቤቱም ይጠቀማል፤ ግማሹ ሰው ወሬውን በማግስቱ የሚሰማበት ቡድን ሥራው ይደጋገምበታል።

ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅነሳ መቼ እንደተደረገ የደመወዝ ወረቀትዎን ዛሬውኑ ይዩ።