ግራርን በእሾሁ ለየው

ወንድሜ፣ ከባቱ አካባቢ ያነሳሃቸውን ሁለት የግራር ፎቶዎች አየሁ። «ሁለቱም አካሲያ አይደሉም ወይ? ዕፅዋት የሚለየው የስልኬ አፕ ለምን አንዱን ቫቼሊያ፣ ሌላውን ሴኔጋሊያ ይለኛል?» ብለሃል። አፑ ልክ ነው። አካሲያ የሚለው ሳይንሳዊ ስም በ2005 ቪየና ላይ በተደረገው የዕፅዋት ሊቃውንት ጉባኤ ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ተሰጠ፤ በ2011 ሜልቦርን ላይ ጸደቀ። የአፍሪካዎቹ በአብዛኛው ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ለሚባሉት ለሁለቱ ወገኖች ተከፋፈሉ። እኛ ሁሉንም ግራር ብለን ተገላግለናል።

ችግኝ ጣቢያ ስሠራ ዘር የምንለቅመው መጀመሪያ እሾሁን አይተን ነበር። ቅጠሉን ተወው፤ የሁለቱም ደቃቅ ስለሆነ ያደናግራል። የቫቼሊያ እሾህ ቅጠሉ ከሚወጣበት ቦታ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም ነጭ። የሴኔጋሊያ ግን አጭርና እንደ ድመት ጥፍር የጎበጠ ነው። ልብስህን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅህም። ሁለተኛው ፎቶህን ጠጋ ብለህ እየው፦ ሦስት እሾህ አንድ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ላይ፣ መሃለኛው ወደ ታች የጎበጡ። ሴኔጋሊያ ሴኔጋል እሱ ነው። ጥሩ የሚባለው ሙጫ የሚገኘውም ከሱ ነው፤ ስለዚህ ሙጫ ለመልቀም ካሰብክ ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

አበባ ካገኘህማ ሥራው ቀለለ። ቫቼሊያ ድቡልቡል አበባ አለው፤ ሴኔጋሊያ ረዘም ያለ ዘለላ። የመጀመሪያው ፎቶህ ቢጫ ድቡልቡል አበባ ስላለው ዋጩ የሚባለው የቫቼሊያ ዓይነት ይመስለኛል። ግንዱን በአውራ ጣትህ አሸት አድርገው፤ ዱቄት ነገር ከነካህ እሱ ነው።

ሁለት ዛፎች ግን ያሳስታሉ። ቫቼሊያ ቶርቲሊስ፣ ያ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው የስምጥ ሸለቆ ግራር፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ረጅም ቀጥ ያለም አጭር ቆልማማም እሾህ ያወጣል። እሱን አበባው ያጋልጠዋል፣ ድቡልቡል ነው። ፍሬውም የተጠማዘዘ ነው። ሌላው ገርቢ ነው፤ እሾሁ ቀጥ ያለ፣ አበባው ግን ዘለላ። ከሁለቱም ወገን አይደለም፣ ፌይደርቢያ የሚባል የራሱ ስም አለው። በክረምት ሌላው ዛፍ ሁሉ ለምልሞ እሱ ቅጠሉን ካራገፈ አትጠራጠር።

የቀሩትን ዛፎች ስታነሳ ደግሞ እባክህ አናቱን ብቻ ከሩቅ አታንሳ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚወጣበትን ቦታ ቀረብ አድርገህ ላክልን።