«የጻፍኩት ኮድ የማን ነው?»

ደብዳቤሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ኮድ ስታዋጪለት የነበረው የክሪፕቶ ገንዘብ ዋሌት (ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበትና የሚላክበት ፕሮግራም)፣ መሪዎቹ ተጣልተው ለሁለት ተከፍሏል። የወጡት ሰዎች ፎርክ አድርገውታል፤ ኮዱን ቀድተው በአዲስ ስም ቀጥለዋል። ነባሩን ፕሮጀክት የሚደግፈው ድርጅት «ንብረታችን ተሰረቀ» እያለ ክስ ይዝታል። ይኸው ድርጅት የሥራ ውል ልኮልሻል፤ አንዱ አንቀጽ «ከቅጥር በፊትም ሆነ በኋላ ለፕሮጀክቱ የጻፍሽው ሁሉ የድርጅቱ ነው» ይላል። አባትሽ ደግሞ «ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ፈርሚና ተገላገይ» ብለውሻል።

እንዳለ አትፈርሚ።

«ፎርክ ማድረግ ስርቆት ነው ወይ?» ብለሻል። ፕሮጀክቱ በኤምአይቲ ፈቃድ የሚሠራጭ ከሆነ አይደለም። ይህ ፈቃድ ማንም ኮዱን እንዲቀዳ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲሸጥም ይፈቅዳል፤ በምላሹ የሚጠይቀው የቅጂ መብት ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር እንዲቆዩ ነው። ዝነኛው የክሪፕቶ ገንዘብ ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው በዚሁ ፈቃድ ነው፤ ሌሎቹ የክሪፕቶ ገንዘቦች፣ ላይትኮይን በ2011፣ ቢትኮይን ካሽ በ2017 የተነሡት ከእርሱ ኮድ ነው። ስም ግን በንግድ ምልክት ሕግ የሚዳኝ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ፣ ተገንጣዮቹ ስሙን መቀየራቸው ብልህነት ነው።

አሁን ወደዚያ አንቀጽ ልመለስ። ሠራተኛ በሥራው የሚጽፈው ኮድ በብዙ አገሮች ሕግ የአሠሪው ነው፤ ይህን መቃወም አይጠቅምሽም። ከመቀጠርሽ በፊት በራስሽ ኮምፒውተር የጻፍሽው ግን፣ በጽሑፍ ካላስተላለፍሽው በቀር፣ የቅጂ መብቱ የአንቺ ነው። ድርጅቱ ያንን ኮድ ለመጠቀም የኤምአይቲ ፈቃድ አስቀድሞ ፈቅዶለታል። ታዲያ ባለቤትነቱን ለምን ፈለገው? እኔ የሚታየኝ አንድ ምክንያት ነው፦ ለመክሰስ። የፕሮጀክቱ ኮድ በብዙ ሰዎች እጅ የተበተነ ነው፤ የራሱ ባልሆነው ኮድ ደግሞ የቅጂ መብት ክስ ማቅረብ ይቸግረዋል። ፊርማሽ አብረውሽ ሲሠሩ በነበሩት ላይ የሚመዘዝ ማስረጃ ይሆናል።

ገለልተኛ ነኝ አልልም። በሃያ አራት ዓመቴ ተመሳሳይ ውል ሳላነብ ፈርሜ፣ በየምሽቱ የሠራሁት ፕሮግራም በአሠሪዬ ስም ሲወጣ ተመልክቻለሁ። ከዚያ በኋላ ኮድ መጻፉን ትቼ ለብዙ ዓመታት የሶፍትዌር ውሎችን ስመረምር ኖርኩ። ከፕሮግራም ይልቅ አንቀጽ የሚያየው ዓይኔ የመጣው ከዚያ ነው።

«እኔስ ልከሰስ እችላለሁ?» ላልሽው፣ ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። «በብዕር ስሙ ብቻ የሚታወቀው የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ እኔ ነኝ» ይል የነበረው ክሬግ ራይት፣ በድርጅቱ በኩል የቢትኮይን ኮድ ጸሐፊዎችን እንግሊዝ ውስጥ ከሶ ነበር። «የጠፉብኝን 111,000 ያህል ቢትኮይኖች በኮድ መልሱልኝ» የሚል ክስ ነው። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ጉዳዩ ሊታይ ይገባዋል አለ። በመጋቢት 2024 በሌላ መዝገብ ራይት ሳቶሺ አለመሆኑ እስኪወሰን ድረስ፣ ኮድ ከመጻፍ ሌላ ያላደረጉ ሰዎች ጠበቃ ይዘው ከረሙ። ስለዚህ የጻፍሽውን በቀን በቀኑ የሚያሳየውን መዝገብና የተለዋወጥሻቸውን ኢሜይሎች አሁኑኑ ቅጂያቸውን አስቀምጪ።

አባትሽን በአክብሮት እቃወማቸዋለሁ። ደመወዙን አይተዋል፤ አንቀጹን አላዩም፤ ክስ ቢመጣም የሚጠራው የእርሳቸው ስም አይደለም። በዚያ ላይ ግማሹ ክፍያ በድርጅቱ ቶክን፣ ማለትም ራሱ ባወጣው ዲጂታል ሳንቲም ነው ብለሻል፤ የቤት ኪራይ በቶክን አይከፈልም። ሙሉውን በገንዘብ ጠይቂ።

«ወይስ ሥራውን ትቼ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር?» ላልሽው፣ ዲግሪው ይቆይ።

ሥራውን ግን አልጠላሁትም። ቋሚ ደመወዝና ግልጽ ውል፣ ወዴት እንደሚያመራ ካልታወቀ አዲስ ፎርክ ይሻላል ባይ ነኝ። በዚህ ሳምንት እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ከቅጥሬ በፊት የጻፍኩት፣ በአባሪው የተዘረዘረው ኮድ የእኔ ሆኖ በነበረበት ፈቃድ ይቀጥላል፤ አንቀጹም በዚሁ መሠረት ይስተካከል።» አባሪውን ራስሽ አዘጋጂ፤ ከመላክሽ በፊት ጠበቃ ይየው። የሚመልሱልሽን ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።