መጀመሪያ ኒውተኑን፣ ዋቱ ይደርሳል

ወንድሜ፣ «5 ኪሎ ተንሸራታች በ0.1 ሰከንድ ውስጥ 2 ሜትር በሰከንድ ላይ የሚያደርስ ሊኒየር ሞተር ስንት ዋት ይሁን? 48 ቮልት ሰፕላይ አለኝ» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ስጀምር የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። አንድ ኮይል አቃጥዬ ነው የተማርኩት። በአማርኛ ፎርሱንም ፓወሩንም «ኃይል» ስለምንል ነገሩ ገና ከስሙ ይምታታል።

ዋቱን ለጊዜው ተወው። ሊኒየር ሞተር (በመዞር ፈንታ በቀጥታ መስመር የሚገፋ ሞተር) በመጀመሪያ የሚመረጠው በኒውተን፣ ማለትም በፎርሱ ነው። ከቆመበት ተነስቶ በ0.1 ሰከንድ 2 ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ (የፍጥነቱ ጭማሪ) 20 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 5 ሲባዛ በ20፣ 100 ኒውተን። ለሰበቃ 10 እንጨምር፣ 110 ሆነ። ሰበቃውን ግን በግምት አትተው፤ ተንሸራታቹን በስፕሪንግ ሚዛን ሳብ አድርገህ ለካው። አብሮ የሚሄደው የሞተሩ ክፍል ክብደትም 5 ኪሎው ውስጥ መግባቱን እይ። ብዙ ሰው እሱን ይረሳል።

ቀጥሎ ዳታሺቱ (የሞተሩ መግለጫ ወረቀት) ላይ የፎርስ ኮንስታንት ፈልግ፤ አንድ አምፔር ስንት ኒውተን እንደሚሰጥ ማለት ነው። 50 ኒውተን በአምፔር ነው እንበል። 110 ለ50 ሲካፈል 2.2 አምፔር። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ሰው የሚወድቀው ቮልቱ ላይ ነው። ሞተሩ ሲሮጥ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ያው 50 ቁጥር እዚህም ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ሜትር በሰከንድ 50 ቮልት እየፈጠረ ሰፕላይህን ይቃወማል። በ2 ሜትር በሰከንድ 100 ቮልት ማለት ነው። ኮይሉ 8 ኦም ከሆነ 17.6 ቮልት ደግሞ እሱ ይበላል። ድምሩ 117.6 ነው። ስለዚህ በዚህ ሞተር 48 ቮልትህ ገና 0.6 ሜትር በሰከንድ ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል። ከዚያ በኋላ 110 ኒውተን አታገኝም። (ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ቁጥሮቹ በፒክ (በከፍተኛው ዋጋ) ወይስ በአርኤምኤስ (በካሬዎቹ አማካይ ስኩዌር ሩት) እንደተሰጡ አስተውል።)

አሁን ዋት። 110 ሲባዛ በ2፣ 220 ዋት ለእንቅስቃሴው። ኮይሉ ላይ በሙቀት የሚጠፋው 2.2 ሲባዛ በ2.2 ሲባዛ በ8፣ ወደ 39 ዋት። ድምሩ 259። 117.6 ቮልትን በ2.2 አምፔር አባዛው፣ እዚያው ትደርሳለህ። ካልገጠመልህ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል።

የእኔ ኮይል የተቃጠለው ቆሞ ነው። ተንሸራታቹን መጨረሻው ላይ አስደግፌ እንዲገፋ ተውኩት። ፍጥነት ዜሮ፣ ስለዚህ ፓወርም ዜሮ ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሥራው ዜሮ ነበር፣ ሙቀቱ ግን አልነበረም። መዳቡ ደግሞ ሲግል ኦሙ ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ 8 ኦም የነበረው 100 ዲግሪ ላይ 10.5 ገደማ ይሆናል። ስመለስ ክፍሉ በቫርኒሽ ሽታ ታፍኗል።

ለዚህ ነው የሙሉ ዙሩን አርኤምኤስ ፎርስ የምታወጣው፤ ፎርሱን ካሬ አድርገህ፣ በጊዜው አማካዩን አውጥተህ፣ ስኩዌር ሩቱን ትወስዳለህ። 0.1 ሰከንድ በ110 ብትነሳ፣ 0.1 ሰከንድ በ90 ብትቆም (ሰበቃው ስለሚያግዝህ ነው ያነሰው)፣ 0.3 ሰከንድ ብታርፍ፣ ወደ 64 ኒውተን ይመጣል። ከዳታሺቱ የዘላቂ ፎርስ ቁጥር (ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይግል ሳያቋርጥ ሊገፋ የሚችለው) ጋር የምታወዳድረው ይህን ነው፤ 110ን ደግሞ ከፒክ ፎርሱ ጋር። የአንተ ተንሸራታች በየዙሩ ስንት ሰከንድ እንደሚያርፍ ግን አልጻፍክም። እሱን ጻፍልንና አብረን እናስላው።