በመርከብ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ ኃላፊው ማን ነው? (መልስ)

ጤና ይስጥልኝ። በመንገደኞች መርከብ ላይ ተላላፊ በሽታ ቢነሳ ኃላፊነቱ የየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቀዋል። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ኃላፊነቱ በአንድ አገር ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም።

ዳይመንድ ፕሪንሰስን እንመልከት። መርከቧ የተመዘገበችው በብሪታንያ ሲሆን፣ የሚያስተዳድራት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በአሜሪካ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በኮሮና ምክንያት ተገልላ የቆየችው ግን በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ነበር። ከተሳፈሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ በቫይረሱ ተይዘዋል። መንገደኞቹ ከክፍላቸው እንዳይወጡ ሲደረግ፣ ሠራተኞቹ ምግብ እያበሰሉና እያደሉ፣ መኝታቸውንም እየተጋሩ መቀጠላቸው እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ስለ ወረርሽኙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሱትም እነርሱ ናቸው።

በዚያው ወር ዌስተርዳም የተባለችው መርከብ ከጃፓን፣ ከታይዋን፣ ከፊሊፒንስ፣ ከጉዋምና ከታይላንድ ፈቃድ ተነፍጓት ስትንከራተት ከቆየች በኋላ፣ በካምቦዲያ ሲሃኑክቪል ወደብ ተቀባይነት አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ግን ለዚህ መልስ ነበረው፤ አንቀጽ 28 በመርህ ደረጃ መርከብ በጤና ምክንያት ብቻ ወደብ እንዳትከለከል፣ ወደቡ አስፈላጊው ዝግጅት ከሌለውም ወደ ቅርቡ ተስማሚ ወደብ እንድትመራ ይደነግጋል። ካፒቴኑም በመርከቡ ላይ የታየ ተላላፊ በሽታ ካለ ከመድረሱ በፊት ለወደቡ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በእኔ እምነት የጎደለው ሕግ ሳይሆን፣ መንግሥታት ሲጨነቁ በራቸውን ከመዝጋት ይልቅ ሕሙማንን በጋራ ለመቀበልና ለማከም አስቀድመው የሚገቡት ተግባራዊ ስምምነት ነው።